ቀይ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ

ገዳሪፍ ውስጥ እኛ ባለንበት ሰፈር የሰው ቤት በቁጥር አይታወቅም። «ሰማያዊውን ዚንክ አልፈሽ፣ የዛገው ጋ ስትደርሺ ወደ ግራ ታጠፊ» ነው የሚባለው። ዚንክ የምንለው ቆርቆሮውን ነው፤ ሱዳኖቹ እንዲያ ይሉታል፣ እኛም ሠላሳ ዓመት አብረናቸው ስንል ኖረን ለመድነው። የኛ ቤት «ድንጋይ የተጫነበት ቤት» ይባል ነበር። ወተት ሻጩም፣ ውሃ በአህያ የሚያመላልሰውም፣ የመስጂዱ ሰዎችም የሚጠሩት እንደዚያ ብለው ነው። እኔ በዚህ ስም በጣም አፍር ነበር፤ ባለቤቴ ደግሞ ይኮራበት ነበር።

ድንጋዩ ለምን እንደተጫነ ላስረዳ። በኛ ጊዜ ከጎንደር ቆላ ወርዶ፣ በመተማ አድርጎ እዚህ የገባ ያገሬ ሰው ቤት ሲሠራ ጣራውን በሚስማር አይመታም ነበር። ዚንኩን በእንጨቱ ላይ ይደረድርና በሽቦ ጠፍሮ ድንጋይ ይጭንበታል፣ አለቀ። ሚስማር የበሳው ቆርቆሮ ሲነቀል ወንፊት ነው፤ ያልተበሳው ግን ወደ አገር ሲገቡ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል፣ እዚያ እንደ አዲስ ይመታል። ሁሉም «ለከርሞ እገባለሁ» ባይ ነበራ! ከርሞ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ ከርሞም መጣ። ሰዉ አንድ በአንድ ተስፋውን እየቆረጠ ሚስማሩን መታ፣ ልጅ ዳረ፣ ቤቱን ቀለም ያለው ዚንክ አለበሰ። ባለቤቴ ግን ወይ ፍንክች! «በሰው አገር ጣራ የመታ መቃብሩን ማሰ» ይለኛል። ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ራሱ የፈጠረው ይመስለኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እንደዚያ ነበር።

እሱ መጀመሪያ የመጣው ድንበሩ አጠገብ ባለችው ባሱንዳ ሰሊጥ ለማጨድ ነው፤ ለአንድ መከር ብቻ ብሎ። ከዚያ ለሁለተኛው ቆየ፣ ከዚያ ገዳሪፍ ገብቶ የበርበሬና የቅመም ሱቅ ከፈተ፣ ሱቁ ደህና ሲይዝለት ደግሞ እኔን ከአገር አስመጣኝ። የመጣሁ ሰሞን የአህያ ጋሪ ተከራይቶ ከከተማው ዳር ካለው ጉብታ ድንጋይ ሲያመጣ አስታውሳለሁ። እየመረጠ ነበር የሚያነሣው። ክብ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ቀላሉን ነፋስ ያሸንፈዋል፣ የሚፈለገው ጠፍጣፋና ከባድ ነው። እሱ መሰላሉ ላይ፣ እኔ ከታች ሆኜ አቀብለዋለሁ። ልጃችንን አርግዤ እንኳ አቀብዬዋለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ሆዴን አታይም?» ስለው «እንግዲያው ትንንሾቹን ስጪኝ» ይለኛል። ሳቄ ይመጣል እንጂ ሌላ ምን እለዋለሁ።

ሠላሳ ኸሪፍ አሳለፍን። ኸሪፍ የሱዳን ክረምት ነው፤ መጀመሪያ አቧራ የተሸከመው ሀቡብ ይመጣል፣ ሰማዩን አድፍርሶ አፋችንን ዐፈር ይሞላዋል፣ ከኋላው ዝናቡ ይወርዳል፣ ጥቁሩ መሬት እንደ ሊጥ እግር ይይዛል። ሀቡብ ባለፈ ቁጥር ባለቤቴ መሰላሉን አቁሞ ይወጣል። የተንሸራተተውን ድንጋይ ቦታው ይመልሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ያናግረዋል። አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። እኔ ደግሞ ውስጥ ሆኜ ድስትና ባልዲ እደረድራለሁ፤ ያልተመታ ዚንክ ነፋስ ሲመጣ ብድግ ይላል፣ ብድግ ሲል ያፈሳል። የጎረቤቶቼ ጣራ ከዝናብ በኋላ ታጥቦ ሰማያዊውም አረንጓዴውም ሲያበራ እያየሁ እቀና ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ እቀና ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ በዚህ ጣራ መጣላታችን አይቀርም። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጃችን «ኸሪፍ መጣ፣ ጠባችሁ መጣ» ትለን ነበር።

መርሳቱ የጀመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው። የሱቁን ቁልፍ ቤት ጥሎ ይሄዳል፤ እሱስ የማንም ነው። ከዚያ ልጃችንን በሟች እህቱ ስም ይጠራት ጀመር። ከገበያ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሰዎች እጁን ይዘው ከሌላ ሰፈር አመጡልኝ። ሐኪሙ «የእድሜ ነው» ብሎ ኪኒን ጻፈለት፤ ኪኒኑ ደግሞ ሱዳን ጦርነት ከገባች ወዲህ ዛሬ ቢገኝ ነገ የለም። ሱቁን ልጃችን ተረከበችው። የሱ ኑሮ ከቤት መስጂድ፣ ከመስጂድ ቤት ሆነ። ይቺን መንገድ ግን አንድም ቀን ስቷት አያውቅም። ሰግዶ ሲወጣ መስጂዱ በር ላይ ይቆማል፣ ቀና ብሎ ወደ ሰፈሩ ጣራዎች ያያል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ነውና በየቀኑ ሲያደርገው እያየሁ ምን ነገር እንደሚያይ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኸሪፉ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሀቡቡ አንዱን ዚንክ ከነድንጋዩ ገነጠለው። ድንጋዩ የወደቀው ግቢ ውስጥ ሁልጊዜ ተቀምጬ በርበሬ የምለቅምበት ቦታ ላይ ነው። አጠገቤ የነበረውን የውሃ ማሰሮ ሁለት ቦታ ከፈለው። እኔ ወንፊት ላመጣ ብዬ ገና መነሣቴ ነበር። ከድንጋጤው በኋላ ደግሞ ደሜ ፈላ። «ወላሂ ከእንግዲህ እዚህ ድንጋይ ሥር አልኖርም!» ብዬ ማልኩ፤ የሰማኝ ግን አልነበረም፣ እሱ መስጂድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፉሉን አቀረብኩለትና ለጠብ ወገቤን ታጥቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ሰማህ፣ ጣራውን በሚስማር ላስመታው ነው። ዚንኩንም ቀለም ባለው ላስለውጠው ነው» አልኩት። ሠላሳ ዓመት የለመድኩትን ቁጣ እጠብቃለሁ። እሱ ዳቦውን ፉሉ ውስጥ ነክሮ፣ ቀና ብሎ አየኝና «ቤቱ ያንቺ አይደለም እንዴ? እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አለኝ።

እምቢታውን ረስቶታል። አሁን የምለውን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ባሌ ከራሱ እየራቀ መሆኑን ዐይኔ እያየ፣ ማልቀስ ሲገባኝ፣ «ይኸው በመጨረሻ ረታሁት» ብዬ ደስ አለኝ። ልጄ ከጓዳ ሆና ሰምታን ነበር። እሱ ሲወጣ ጠብቃ መጣችና «ዩማ፣ እሱ እኮ ረስቶ ነው» አለችኝ። እናቷን ዩማ ነው የምትለኝ፣ እንደ ሱዳን ልጆች።

«ፈቀደ ወይስ አልፈቀደም?» አልኳት።

«ፈቀደ። ግን ኸሊሁ፣ ተዪው። አባባ የለመደውን አትንኪበት። የተነሣውን አንዱን ብቻ እናሠራው።»

«አንቺ ነሽ ሌሊት ተነሥተሽ ባልዲ የምትደፊው?» ብዬ አፏን አስያዝኳት። ደግሞም እኮ እሷም ትደፋ ነበር።

ዚንክ የሚሸጥበት ሱቅ ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ልጄና ጣራ የሚመታልን አናጢ። አናጢው ያገሬ ሰው ነው። ከአርማጭሆ ለመከር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ክርስቲያን፣ አፉ የማያርፍ ጨዋታ አዋቂ። ነጋዴው ቁራጭ ቁራጩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ደርድሮታል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቡናማ፣ ያው ቀለም የሌለው ነጩም አለ። ልጄ መጀመሪያ የነካችው ነጩን ነው። «ፀሐይዋን ይመልሳታል፣ ቤቱ አይግልም፤ ካሁኑም ጋር ይመሳሰላል» አለች። አናጢው «እውነቷን ነው፣ የጠቆረ ቀለም ሙቀት ይጠጣል፤ የዚህ አገር ፀሐይ ደግሞ ወዳጅ አይደለችም» አለ።

«ሠላሳ ዓመት ነጭ ሥር ስኖር አልተጠበስኩም?» አልኩ። «ሌላ አሳዩኝ።»

ቡናማውን ወደ ደጅ አውጥተን በፀሐይ አየነው፤ ገና ሳይመታ የዛገ ይመስላል። ሰማያዊውን ስናነሣ ነጋዴው ራሱ፣ አላህ ይስጠው፣ ሳይደብቅ ነገረን። ሰማያዊ በሁለት በሦስት ኸሪፍ ይገረጣል፣ ሰፈሩም ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል አለ። አረንጓዴው እኔን ማረከኝ። ክረምቱ ሲወጣ ያለውን ያገራችንን መስክ መሰለኝ፤ እጄን አሳርፌበት ቆየሁ። አናጢው ሳቀ። «እሱን ካደረጉትማ አላፊ አግዳሚው መስጂድ እየመሰለው ጫማውን አውልቆ ይገባብዎታል» አለኝ። ልጄ ለነጋዴው በአረብኛ ነገረችው፣ እሱም እጁን እያጨበጨበ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ «ቀይ ይሁን» አልኩ።

«ለምን ቀይ?» አለች ልጄ።

«ከሩቅ ይታያላ! በሰፈሩ ደግሞ አንድም ቀይ የለም። አባትሽ መስጂዱ በር ላይ ቆሞ ቀና ሲል ወዲያው ያየዋል፣ አይስተውም። ነገ ከነገ ወዲያ ቢብስበት እንኳ ‘ቀዩ ቤት’ ካለ ማንም እጁን ይዞ ያመጣዋል።»

ይህን ያልኩት ለሱ ብዬ ነው። ወላሂ ለሱ ብዬ ነው። ለራሴም ብዬ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አባቴ ጎንደር ከተማ ሲወስደኝ ቀይ ጣራ ያለው ቤት አይቼ የንጉሥ ልጅ ቤት መስሎኝ ነበር፣ ያ ከልቤ አልወጣም። ልጄ «አንዱን ቁራጭ ወስደን መጀመሪያ ለአባባ እናሳየው» አለች። እኔ ግን ቸኮልኩ። ዝናቡ ገብቷል፣ አናጢውን ቁረይሻ የምትባል ከተማ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፣ እኔም ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ነገር እጄ ሊገባ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን እናቴ ስንቴ ነግራኛለች። ያን ቀን ትዝም አላለኝ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። ልጄ አባቷን ይዛው ሱቅ ዋለች። አናጢው መሰላሉ ላይ ሊወጣ ሲል ቆም አለና «ሐጂ ፈቅደዋል?» አለኝ፤ የባለቤቴን የጣራ ነገር ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። «ፈቅዷል» አልኩት። አልዋሸሁም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ጣላቸው። ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ላለው ጭቃ መረማመጃ ብለው ወሰዷቸው፤ «ውሰዱልኝ፣ ዐይኔ አይያቸው!» አልኩ። ከዚያ ሚስማሩ ይመታ ጀመር። ለኔ የሠርግ ከበሮ ነበር የሚመስለኝ። ሲያልቅ መንገድ ላይ ወጥቼ አየሁት፣ ቀይ፣ ቀጥ ያለ፣ አንድም ነገር ያልተጫነበት። ብቻዬን ቆሜ እልል አልኩ። ሱዳናዊቷ ጎረቤቴ ከበሯ ብቅ ብላ እሷም አብራኝ እልል አለች።

ልጄ አባቷን ለአስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሰላት፣ መስጂዱ በር አድርሳው እሷ ወደ ሱቋ ተመለሰች። እኔ ተጣጥቤ፣ የዒድ ቀሚሴን ለብሼ፣ በራችን ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሰግዶ ወጣ። እንደ ልማዱ ቆመና ቀና አለ። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ እንደገና ወደ ቀኝ አየ። እጄን አውለበለብኩለት። ዐይኑ በጣራው ላይም በኔም ላይ አልፎ ሄደ። ቆይቶ መንገዱን ይዞ መጣ፣ ልቤ መለስ አለችልኝ። ደጃፋችን ሲደርስ ግን «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎኝ አለፈ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ።

«አንተ ሰውዬ! ወዴት ነው?» አልኩት።

ዞር አለ። «ወደ ቤቴ።»

«ቤትህ ይኸው አይደለም እንዴ?»

ጣራውን አየው። አልተቆጣም። የጠፋበትን ሰው መንገድ እንደሚያሳይ ሆኖ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። «ይኼ የከተመ ሰው ቤት ነው፤ ተመትቷል። የኔ ድንጋይ የተጫነበት ነው። እኛ ወደ አገራችን ገቢዎች ነን» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መስጂዱ በር ላይ ቆሞ ሲያይ የኖረው ድንጋዩን ነው። ቀለም ምንም ስፍራ አልነበረውም። ሰማያዊ ባደርገው፣ አረንጓዴ ባደርገው፣ ልጄ እንዳለችው ነጭ ባደርገው ያው ነበር፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ቀለም ሳማርጥ ባሌን የሚመልሰውን ነገር እያስወረወርኩ ነበር። እኔን አፈር ይብላኝ! እጁን ይዤ፣ አባብዬ፣ እየለመንኩ አስገባሁት።

በማግስቱ ከቀትር ሰላት አልተመለሰም። ልጄ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚሄዱት መኪኖች ወደሚቆሙበት ሮጠች፣ እኔ ወደ ገበያው። «አገሩ ሊገባ ተነሥቷል» ብዬ ነበር ያሰብኩት። ድንበሩ በወዲህም በወዲያም ጦር ነው፣ በእግሩ ከወጣ ማን ይመልስልኛል? አንዱ ጫማዬ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ትቼው ሄድኩ። ያገኘሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማው ዳር ነው፣ ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሰዎች ባረፉበት ሜዳ ላይ። ሰዎቹ ላስቲክና አሮጌ ዚንክ ገጣጥመው መጠለያ ሠርተዋል፣ ነፋስ እንዳይወስድባቸው ከላዩ ድንጋይ ጭነውበታል። ከነዚያ አንዱ ውስጥ ባለቤቴ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ዘርግቶ በሰላም ተቀምጧል።

የመጠለያዋ ባለቤት አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ የገዛ ባሏ ከጦርነቱ ወዲህ የት እንዳለ አታውቅም። ውሃ ሰጥታዋለች፣ በጆንያ ታራግብለታለች። «ከቀትር ጀምሮ እዚህ ነው፤ ‘ባለቤቴ የት ወጣች’ ይለኛል» አለችኝ በአረብኛ። «መጣሁ፣ ይኸው መጣሁ» አልኩት አጠገቡ ተንበርክኬ። ዐይን ዐይኔን አየኝ። አላወቀኝም። ስንት ነገር ሲረሳ እኔን እስከዚያ ቀን ረስቶኝ አያውቅም ነበር። ቤቱ ሲጠፋበት እኔም አብሬ ጠፋሁበት፤ የቀይ ጣራዋ ሴት እንዴት አድርጋ ሚስቱ ትሆናለች? እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ስነፋረቅ ያቺ የማታውቀኝ ሴት ትከሻዬን ይዛ አብራኝ አለቀሰች።

ድንጋዮቹን ለመመለስ ሞክሬአለሁ። ከየጎረቤቱ ጭቃ ውስጥ እያወጣሁ፣ እያጠብኩ ሰበሰብኳቸው። አናጢው ከቁረይሻ ሲመለስ ለምኜው ቀዩ ጣራ ላይ ደረደራቸው። ሰው አየን፣ ሳቀብን፤ ይሳቅ። ባለቤቴን ይዤው መጣሁና «ይኸው ድንጋይህ፣ ይኸው ቤትህ» አልኩት። ብዙ አየ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከዘራውን አነሣ። «ድንጋዬን ሰርቀውኛል! እነዚህ ባለ ቀይ ጣራዎች ድንጋዬን ሰርቀውኛል!» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ ወጣ። «የሰረቅሁህ እኔ ነኝ» ልለው ፈለግሁ፤ ከዘራውን ብቻ ያዝኩበት። ያ አፉ የማያርፍ አናጢ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ፊቱን አዙሮ ዐይኑን ጠረገ። ማንም ሳያዘው ድንጋዮቹን መልሶ አወረዳቸው።

ልጄ አንድ ቀን እንኳ «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እጮህባታለሁ፣ ትጮህብኛለች፣ ይወጣልኛል። እሷ ግን ከሱቅ ስትመጣ የኔን ሻይ ቀድታ አጠገቤ ታስቀምጣለች። ከዚያም ተነሥታ የአባቷን ልብስ ታጥባለች።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከጥቂት ወር ኖረ። በየቀኑ ወደዚያች ሴት መጠለያ ይሄዳል። እሷም «ኸሊሁ ያ ሐጃ፣ ተዪው፣ አባቴን ይመስለኛል» ትለኛለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄጄ አመጣዋለሁ። ግን «ና ወደ ቤትህ እንሂድ» ካልኩት አይነሣም። ያገራችን ሰው እምቢ የማይለው የእንግድነት ጥሪ ነውና «ሐጂ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዛሬ እኔ ጋ እንግዳ ይሁኑ፣ ነገ በጠዋት ቤትዎ ይገባሉ» እለዋለሁ። «ባለቤቴ ታስባለች እኮ» ይላል። «ልኬባታለሁ፣ ታውቃለች» እለዋለሁ። የገዛ ባሌን በየቀኑ እንግዳ ብዬ ጋበዝኩት።

እንግድነቱን ደግሞ ያውቅበታል! አልጋው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሦስት አራት ጉርሻ ይበላና «ጠገብኩ፣ ይባርክላችሁ» ይላል። ቤቱን ይመርቃል፣ ልጄን «ያሳድግልዎ» ብሎ ይመርቅልኛል፤ የሠላሳ ዓመት ልጅ! ዕድሜ ልኩን ወጤን ሲያማ የኖረ ሰው ነው፤ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ በርበሬው አልተቁላላም፤ በዚህ ተጣልተን እናውቃለን። አንድ ቀን ሆን ብዬ ወጡን ጨው በጨው አደረግሁት። ይቆጣኝ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺ ሴት፣ ልትገድይኝ ነው?» ይበለኝ ብዬ ነው። ጎረሰ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ ዋጠውና «እጅዎ ይባረክ፣ እህቴ» አለኝ። ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ።

ባለፈው ኸሪፍ ማብቂያ ላይ አቅሙ ከዳው፣ መሄዱም ቀረ፣ አልጋ ያዘ። ያቺ ሴት እየመጣች ትጠይቀው ነበር። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ዝናብ ይዘንባል። ቤቱ ውስጥ አንድም ጠብታ አይወርድም። ጋደም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ወደኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ብዙ አስቸገርኩዎት» አለኝ።

«ምን አስቸገሩኝ፣ ቤትዎ ነው» አልኩት።

«የለም፣ ብዙ ቆየሁብዎ። ነገ እገባለሁ። እርስዎም አንድ ቀን እኛ ጋ ይምጡ። ባለቤቴ አለች። አፏ ትንሽ ይሞቃል፣ ቢሰሟት ቅር እንዳይልዎት፤ ሆዷ ግን ሌላ ነው።» ዐይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ልብሱን ላስተካክል ስል ቀጠለ። «ሠላሳ ዓመት የሚያፈስ ቤት አኖርኳት። አንድ ቀን ጥላኝ አልሄደችም። ዘንድሮ ጣራውን በሚስማር እመታላታለሁ፣ ወስኛለሁ። ቀለም ያለው ነው የምትፈልገው። ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ግን እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።»

እጁን ያዝኩት። እንግዳ ስለሆነ ዐፍሮ ሊያስለቅቀኝ ሞከረ፣ አልለቀቅሁትም።

«ይጠይቋት» አልኩት።

«እጠይቃታለሁ» አለኝ። «ነገ ስገባ እጠይቃታለሁ።»